ሥነ ልቦና ሳይንስ ነውን? ስለ መፈተን፣ ስለ መድገምና ስለ መለካት

የፊዚክስ መምህሩ (ውይይቱን የከፈተ)

ለተከበራችሁ የመድረኩ አባላት፣ ሰላምታዬን አስቀድማለሁ። የአገራችን ዩኒቨርሲቲዎች የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች በጋራ ከሚወስዷቸው ኮርሶች አንዱ ጄነራል ሳይኮሎጂ ሲሆን፣ ትምህርቱ ከመግቢያው ጀምሮ ሥነ ልቦናን የባህርይና የአእምሮ ሂደቶች ሳይንሳዊ ጥናት አድርጎ ያቀርባል። ቀድሞ ያስተማርኳቸው ልጆች ዩኒቨርሲቲ ከገቡ በኋላ ይህ አባባል በምን እንደሚረጋገጥ ይጠይቁኛል፤ እኔም የማምንበትን መልስ ልሰጣቸው ስለምፈልግ ጥያቄውን ዘርዘር አድርጌ ወደዚህ አምጥቼዋለሁ። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ጥርጣሬዬ ከፈላስፋው ከካርል ፖፐር የተወረሰ ነው። ፖፐር በ1919 በቪየና ወጣት ሳለ የአይንሽታይንን ንድፈ ሐሳብ የሰውን ባህርይ ከሚያብራሩት ከፍሮይድና ከአድለር ንድፈ ሐሳቦች ጋር ያነጻጽር ነበር። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት በፀሐይ ግርዶሽ ጊዜ የከዋክብት ብርሃን በፀሐይ አጠገብ ሲያልፍ ምን ያህል እንደሚታጠፍ ለኩ፤ ልኬቱ ከአይንሽታይን ስሌት ጋር ባይገጥም ኖሮ ንድፈ ሐሳቡ አደጋ ላይ ይወድቅ ነበር። በሌላ በኩል ፖፐር ራሱ የሰጠውን ምሳሌ እንመልከት፦ አንድ ሰው ሕፃንን ሊያሰጥም ውኃ ውስጥ ይገፈትራል፤ ሌላው ደግሞ ሕፃኑን ለማዳን ሕይወቱን ይሠዋል። በፍሮይድም ሆነ በአድለር ትምህርት ሁለቱም ድርጊቶች በእኩል ቅለት ይብራራሉ። የሰው ልጅ ምንም ቢያደርግ የማይናወጥ ንድፈ ሐሳብ፣ ጥንካሬው የሚመስለው ነገር ድክመቱ ነው ሲል ፖፐር ደመደመ።

ሁለተኛው ጥርጣሬዬ ከዘርፉ ከራሱ የወጣ ነው። በ2011 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲው ዳሪል ቤም ከ1,000 በላይ ሰዎች የተሳተፉባቸውን 9 ሙከራዎች መሠረት አድርጎ፣ ሰዎች ገና ያልተፈጸመን ነገር አስቀድሞ ሊሰማቸው እንደሚችል የሚገልጽ ጽሑፍ በዘርፉ ከተከበሩት ጆርናሎች በአንዱ አሳተመ። የተከተለው ዘዴ ባልደረቦቹ ሁሉ የሚሠሩበት የተለመደ ዘዴ ነበር፤ የሚያስደነግጠውም ይኸው ነው። በ2015 ደግሞ በብራያን ኖሴክ አስተባባሪነት ከ3 የሥነ ልቦና ጆርናሎች የተወሰዱ 100 ጥናቶች እንደገና ተሠሩ። ከመጀመሪያዎቹ ጥናቶች 97 በመቶው በስታትስቲክስ ጉልህ የሚባል (በአጋጣሚ ብቻ የመምጣት ዕድሉ ጠባብ የሆነ) ውጤት ነበራቸው፤ በድጋሚው ግን ጉልህ ሆኖ የተገኘው 36 በመቶው ብቻ ሲሆን፣ የውጤቱም መጠን በአማካይ በግማሽ ወረደ።

ጥያቄዬ በንቀት የተነሣ አይደለም። ከግማሽ በላይ የሆነው ግኝቱ የማይደገምለት፣ ታላላቅ ንድፈ ሐሳቦቹም ለመውደቅ የማይጋለጡ የጥናት መስክ በምን ሚዛን ሳይንስ ይባላል? ዘርፉን የምታውቁ ሰዎች ያለ ማለባበስ እንድትመልሱልኝ እጠይቃለሁ።

መቅረዝ

መምህር፣ ጥያቄዎ ሙሉ መልስ የሚገባው ነው፤ የሙከራ ሥነ ልቦና ስለማስተምር በምችለው መጠን ልሞክር።

በቅድሚያ ሁለት የዘር ሐረጎችን መለየት ያስፈልጋል። ፍሮይድ ሐኪም ነበር፤ ሳይኮአናሊሲስን የገነባውም ሕመምተኞችን በማከሚያ ክፍሉ እያዳመጠ ነው። የላቦራቶሪው ሥነ ልቦና ግን የተነሣው ከሌላ ቦታ ነው፤ ጉስታቭ ፌክነር በ1860 የስሜት ሕዋሳትን በቁጥር ስለመለካት ካሳተመው ሥራና ቪልሄልም ቩንት በ1879 በላይፕሲክ ካቋቋመው ቤተ ሙከራ። የፖፐር ክርክር ያነጣጠረው በመጀመሪያው ሐረግ ላይ ነው። በዚያም ላይ ቢሆን የሁሉንም ፈላስፎች ስምምነት አላገኘም፤ አዶልፍ ግሩንባውም በ1984 ከፍሮይድ አባባሎች በርካቶቹ ሊፈተኑ እንደሚችሉ፣ ችግራቸውም ለፈተና አለመቅረባቸው ሳይሆን በቂ ማስረጃ ማጣታቸው መሆኑን ተከራክሯል። ዛሬ በአብዛኞቹ የሥነ ልቦና የምርምር ክፍሎች ፍሮይድ የሚነሣው በታሪክነቱ ነው።

አሁን ደግሞ ከፊዚክስ ጎን ያለ ኀፍረት ሊቆም የሚችል ምሳሌ ላቅርብ። ቶማስ ያንግ በ1802 ዓይን ውስጥ ቀለምን የሚቀበሉ ነገሮች 3 ዓይነት ብቻ ናቸው የሚል መላ ምት ሰነዘረ። ከአምሳ ዓመት ገደማ በኋላ ሄልምሆልዝና ማክስዌል መላ ምቱን አጠናክረው ለሙከራ አቀረቡት። ሙከራው ለተመልካች አንድ ቀለም ማሳየትና ሌሎች 3 ብርሃኖችን እየቀላቀለ ተመሳሳዩን እንዲያወጣ መጠየቅ ነው። ሦስት ብርሃን ይበቃል፤ ሁለት ግን አይበቃም። እዚህ ላይ ማንም የዓይንን ሕዋስ አልቆረጠም፤ የተመዘገበው ሰዎች «አሁን አንድ ሆኑ» ወይም «አልሆኑም» ብለው የሰጡት ፍርድ ብቻ ነው። በ1964 በአሜሪካ ያሉ ሁለት የተመራማሪዎች ቡድኖች በነጠላ የዓይን ሕዋሳት ውስጥ ያለው ቀለም ብርሃንን እንዴት እንደሚመጥ ለመለካት ቻሉ፤ የተገኙት የሕዋስ ዓይነቶችም ሦስት ነበሩ። ከሰው ፍርድ ብቻ ተነሥቶ የተሰላ ትንበያ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ በሕዋስ ደረጃ ተረጋገጠ ማለት ነው። በ1931 የተደነገገው ዓለም አቀፍ የቀለም ልኬትም በእንግሊዝ አገር በተጠኑ 17 ተመልካቾች ፍርድ ላይ የተመሠረተ ነው። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡበት የስልክ ስክሪን ቀለሞችን ሁሉ ከቀይ፣ ከአረንጓዴና ከሰማያዊ ብቻ የሚያወጣው በዚህ ምክንያት ነው።

ስለ መድገምም አንድ ልጨምር። ሄርማን ኤቢንግሃውስ ትርጉም አልባ የፊደላት ጥምረቶችን እየሸመደደ መርሳት በጊዜ ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በራሱ ላይ ለክቶ በ1885 አሳተመ። በ2015 የአምስተርዳም ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ያንኑ ሙከራ ሲደግሙት ያገኙት የመርሳት ኩርባ ከ130 ዓመት በፊት ከተሣለው ጋር በጣም ተቀራራቢ ነበር።

የፊዚክስ መምህሩ

መቅረዝ፣ አመሰግናለሁ። የቀለሙ ታሪክ ድንቅ ነው፤ ነገር ግን ያሸነፉበት ሜዳ የእርስዎ ነው ወይ የሚለው ጥያቄ ይቀራል። የቀለም እይታ የፊዚዮሎጂና የኦፕቲክስ ጉዳይ ነው ቢባል ምን ይመልሳሉ? ሄልምሆልዝም ማክስዌልም የፊዚክስ ሰዎች ነበሩ። የዘርፉ አከራካሪ ክፍል ስለ ሰው ዓላማ፣ ስለ ስብእና፣ ስለ ድባቴ፣ ስለ ቡድን ተጽዕኖ የሚናገረው ክፍል ነው፤ ሕዝቡም ሥነ ልቦና ሲል የሚያስበው ይህን ነው። ጠንካራው ነገር ሁሉ ሲገኝ የሥነ ልቦና ድል፣ ደካማው ሲገኝ ደግሞ «ያ የቀድሞው ነው» ከተባለ ክርክሩ ሊፈተን የማይችል ይሆናል።

ተመልካች

በሥነ ፈለክ ፍቅር ለብዙ ዓመታት የቆየሁ ሰው ነኝና ከታሪክ አንድ ነገር ላቅርብ፤ የመምህሩን ጥያቄ በቀጥታ ይነካልና።

በ1796 በግሪኒች የንጉሣዊው የከዋክብት መመልከቻ ኃላፊ የነበሩት ማስክሊን ረዳታቸውን ኪኔብሩክን ከሥራ አሰናበቱ። ምክንያቱ ኮከብ በቴሌስኮፑ ውስጥ የተዘረጋውን ክር የሚያቋርጥበትን ቅጽበት ረዳቱ ከኃላፊው በ0.8 ሴኮንድ ያህል አዘግይቶ መመዝገቡ ነው። ማስክሊን ነገሩን የጥንቃቄ ጉድለት አድርገው ቆጠሩት። ከሁለት ዐሥርት ዓመታት በላይ ካለፈ በኋላ በኬኒግስበርግ የነበረው ቤሰል ሪፖርቱን አንብቦ፣ ታላላቅ ተመልካቾችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር በሁሉም መካከል ቋሚ ልዩነት አገኘ። ዓይን ያየውን ጆሮ ከሚሰማው የሰዓት ምት ጋር የሚያዛምደው የአእምሮ ሥራ ጊዜ ይወስዳል፤ ጊዜውም ከሰው ሰው ይለያያል። የሥነ ፈለክ ሊቃውንት የከዋክብትን ቦታ በትክክል ለማወቅ ይህን የግል ልዩነት እየለኩ ከስሌታቸው መቀነስ ነበረባቸው። በ1868 የኔዘርላንዱ ዶንደርስ ከዚህ ተነሥቶ አንድ የአእምሮ ውሳኔ የሚወስደውን ጊዜ ቀላሉን ምላሽ ከውስብስቡ ላይ በመቀነስ ለማስላት ሞከረ።

እንግዲህ ፊዚክስ ራሱ የተመልካቹን አእምሮ ሳይለካ መለካት ያልቻለበት ጊዜ ነበር። ያ ልኬት ኮከቡ ጋ ሲደርስ ሳይንስ፣ ሰውየው ጋ ሲደርስ ሳይንስ አለመሆኑን የሚለይ መስመር እኔ አይታየኝም።

ሐኪም ዘጎንደር

አጭር ነገር ልበል። የመድገም ችግር የሥነ ልቦና ብቻ አይደለም። በ2012 የአምጄን መድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች የነበሩ ሰዎች እንደገለጹት፣ በካንሰር ምርምር ፈር ቀዳጅ ከተባሉ 53 ጥናቶች ኩባንያው ውጤታቸውን ማረጋገጥ የቻለው የ6ቱን ብቻ ነው። ይህ ከ36 በመቶ በእጅጉ ያነሰ ነው፤ ሆኖም ባዮሎጂን ከሳይንስ መዝገብ ይሰረዝ ያለ ሰው አልሰማሁም።

በሙያዬ በኩል ደግሞ ይህን አስቡ፦ አንድ የድባቴ መድኃኒት መሥራት አለመሥራቱ የሚታወቀው የሕመምተኛው ሁኔታ በመመዘኛ ቅጽ ሲለካ ነው። ከመመዘኛዎቹ በሰፊው የተሠራበት ማክስ ሐሚልተን በ1960 ያዘጋጀው ሲሆን፣ ሐኪሙ ስለ እንቅልፍ፣ ስለ ኀዘን፣ ስለ ጭንቀትና ስለ መሳሰሉት እየጠየቀ ነጥብ የሚሰጥበት ነው። የሥነ ልቦና ልኬት ሳይንስ ካልሆነ የመድኃኒቶቹም ማስረጃ አብሮ ይወድቃል።

ሚዛን

የዶክተሩን የመጨረሻ ዐረፍተ ነገር አጥብቄ እይዛለሁ፤ ምክንያቱም እውነተኛው ችግር ያለው እዚያው ላይ ይመስለኛል። እኔ የስታትስቲክስ ባለሙያ ነኝ፤ በዚህ ክርክር ውስጥ ስለ መድገም ብዙ ሲባል ስለ መለካት ጥቂት መባሉ ሁልጊዜ ያሳስበኛል።

ጉዳዩ አዲስ አይደለም። በ1932 የብሪታንያ የሳይንስ እድገት ማኅበር የፊዚክስና የሥነ ልቦና ሰዎችን በአንድ ላይ ሰብስቦ የስሜትን መጠን በቁጥር መለካት ይቻል እንደሆነ የሚመረምር ኮሚቴ አቋቋመ። ኮሚቴው የመጨረሻ ሪፖርቱን ያቀረበው በ1940 ሲሆን አባላቱ እስከ መጨረሻው አልተስማሙም። የፊዚክሱ ሰው ኖርማን ካምቤል ጥያቄው ግልጽ ነበር፦ ሁለት ርዝመቶችን ጫፍ ለጫፍ ስንገጥም ድምራቸውን እናገኛለን፤ ሁለት ስሜቶችን የሚደምር ተግባር የታለ? ለዚህ የተሰጠው ታዋቂ መልስ የአሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሰው የስቲቨንስ ነው። በ1946 ባሳተመው ጽሑፍ መለካት ማለት በአንድ ሕግ መሠረት ለነገሮች ቁጥር መስጠት ነው ብሎ በየነው። በዚህ ብያኔ ችግሩ ተፈታ፤ ወይም ከዓይን ተሰወረ። አውስትራሊያዊው ጆኤል ሚቼል እስከ ዛሬ የሚከራከረው ሁለተኛውን ነው፦ አንድ ጠባይ በእርግጥ መጠን ያለው ነገር መሆኑ ራሱ መፈተን ያለበት መላ ምት ሆኖ ሳለ፣ ዘርፉ ሳይፈትነው እንደ ተረጋገጠ ይዞት ሄደ።

ድባቴን እንውሰድ። በአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ መሠረት ከ9 ምልክቶች 5ቱ ያሉት ሰው፣ ከሁለቱ ዋነኛ ምልክቶች አንዱን ካሟላ፣ ድባቴ አለበት ይባላል። ስሌቱን ብትሠሩት ሁለት ሕመምተኞች አንድ ምልክት ብቻ እየተጋሩ በአንድ ስም ሊጠሩ ይችላሉ። በ2015 የታተመ አንድ ጥናት በአሜሪካ በአንድ ትልቅ የሕክምና ሙከራ የተሳተፉ 3,703 ሕመምተኞችን መዝግቦ 1,030 የተለያዩ የምልክት ጥምረቶችን ቆጥሯል። ታዲያ እንቅልፍ ያጣውን ሰው 2 ነጥብ፣ ሞትን የሚመኘውን ሰው 2 ነጥብ ሰጥተን ስንደምር የምናገኘው ድምር የምን ድምር ነው? መድኃኒቱ ነጥቡን በ3 አወረደ ሲባል ምን ወረደ? አንድ ሙከራ ሺህ ጊዜ ቢደገምና ሺህ ጊዜ ተመሳሳይ ውጤት ቢያመጣ ይህ ጥያቄ ሳይነካ ይቀራል።

ስለዚህ «ካንሰር ምርምርም አይደገምም» የሚለው መከላከያ አያሳርፈኝም። እዚያ ቢያንስ የዕጢው ክብደት ክብደት ነው።

መቅረዝ

ሚዛን ያነሡት ትችት በዘርፌ ላይ ከሚቀርቡት ሁሉ የከበደው መሆኑን እቀበላለሁ፤ ተማሪዎቼም ከ2015ቱ ሪፖርት በፊት ይህን እንዲያውቁ አደርጋለሁ። ነገር ግን ከእርሱ የሚከተለው ድምዳሜ ሥነ ልቦና ሳይንስ አይደለም የሚል ነው ብዬ አላምንም።

የሙቀት መለኪያን ታሪክ ተመልከቱ። ፋረንሃይት መለኪያውን በ1724 ሲያሳውቅ ሙቀት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ፈሳሹ በመስታወቱ ውስጥ የሚወጣው ከሙቀቱ ጋር በእኩል መጠን ስለመሆኑም ማረጋገጫ አልነበረም። ያንን ለማረጋገጥ ሌላ መለኪያ ያስፈልግ ነበር፤ ያም መለኪያ ሌላ ማረጋገጫ ይሻል። ኬልቪን ፍጹሙን የሙቀት ሚዛን ያቀረበው በ1848 ነው። በመካከል ያሉት ከመቶ የሚበልጡ ዓመታት ባልተሟላ መለኪያ የተሠራ፣ መለኪያውንም ንድፈ ሐሳቡንም ጎን ለጎን ያሻሻለ ሳይንስ ነበሩ። ልዩነት አለ፤ አልሸሽገውም። የሙቀት ተመራማሪዎች ውኃ የሚረጋበትንና የሚፈላበትን ቋሚ ነጥብ ይዘው ተነሡ፤ የድባቴ መመዘኛ እንዲህ ያለ ቋሚ ነጥብ የለውም። ምልክቶቹን መደመር ትተው በመካከላቸው ያለውን ግንኙነት ለየብቻ የሚያጠኑ ተመራማሪዎች የተነሡት በዚህ ምክንያት ነው።

መምህሩ ጠንካራውን ሁሉ ለራሳችን እንወስዳለን ስላሉኝ ደግሞ የማንም ሌላ ዘርፍ ያልሆነ ምሳሌ ልስጥ። በ1972 ሬስኮርላና ዋግነር እንስሳት እንዴት እንደሚማሩ የሚገልጽ አጭር ቀመር አቀረቡ። የቀመሩ ሐሳብ እንስሳው የሚማረው የተፈጸመው ነገር ከጠበቀው ሲለይ ብቻ ነው፤ የመማሩም መጠን ከልዩነቱ ጋር ተመጣጣኝ ነው የሚል ነው። ይህ ቀመር የተገነባው በላቦራቶሪ እንስሳት ባህርይ ላይ ብቻ ሲሆን ስለ አንጎል አንዲት ቃል አይናገርም። በ1990ዎቹ ቮልፍራም ሹልትዝ በዝንጀሮዎች አንጎል ውስጥ ዶፓሚን የተባለውን ኬሚካል የሚያመነጩ ነርቮችን እንቅስቃሴ ሲመዘግብ፣ ነርቮቹ ሽልማት ሲመጣ ሳይሆን ሽልማት ከተጠበቀው ሲበልጥ እንደሚነቃቁ፣ የተጠበቀው ሲቀር ደግሞ ጸጥ እንደሚሉ አየ። በ1997 ከዳያንና ከሞንታግ ጋር በሳይንስ ጆርናል ባሳተመው ጽሑፍ ይህ የነርቮች ጠባይ የዚያው ቀመር ዘር ከሆነ ስሌት ጋር እንደሚገጥም አሳዩ። ቀመሩ ከተጻፈ ከ25 ዓመት በኋላ የነርቭ ሳይንስ ከሥነ ልቦና የተቀበለው ነገር ይህ ነው።

ማርዘነብ

እኔ በአዲስ አበባ የሥነ ልቦና የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነኝ። እስካሁን በተባለው ውስጥ ያልተነሣ ጥያቄ አለኝ፦ የማን ሥነ ልቦና ነው የተጠናው?

በ2008 የታተመ ግምገማ በአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበር ታላላቅ ጆርናሎች ከተጠኑት ሰዎች 96 በመቶው በኢንዱስትሪ ከበለጸጉ ምዕራባውያን አገሮች መሆናቸውን፣ እነዚህ አገሮች ግን ከዓለም ሕዝብ 12 በመቶውን ብቻ እንደሚይዙ አሳይቷል። ከሁለት ዓመት በኋላ ጆሴፍ ሄንሪክና ባልደረቦቹ እነዚህ ሰዎች በብዙ መለኪያዎች ከቀረው የሰው ልጅ ጋር ሲነጻጸሩ ዳር ላይ የሚወድቁ መሆናቸውን በሰፊው ጻፉ። ከምሳሌዎቻቸው አንዱ ጫፎቻቸው ላይ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ የታጠፉ ቀስቶች ያሏቸው ሁለት እኩል መስመሮች ናቸው። የመማሪያ መጻሕፍቶቻችን ዓይን በነዚህ መስመሮች እንደሚታለል፣ አንዱንም ከሌላው አርዝሞ እንደሚያይ ይነግሩናል። በ1966 የታተመው የሴጋል፣ የካምቤልና የሄርስኮቪትስ ጥናት ግን ልዩ ልዩ ማኅበረሰቦችን ሲያነጻጽር፣ የአሜሪካ ተማሪዎች እጅግ ሲታለሉ በካላሃሪ በረሃ በአደንና በለቀማ የሚኖሩ ሰዎች የሚታለሉት ከምንም በማይቆጠር መጠን መሆኑን አገኘ። እይታን ያህል መሠረታዊ ነገር ከቦታ ቦታ ከተለያየ ስለ ክብር፣ ስለ ኀዘን፣ ስለ ይሉኝታ ከአንድ የአሜሪካ ኮሌጅ የተገኘውን ውጤት ለጎጃም ገበሬ ወይም ለቦረና አርብቶ አደር እንደ ሕግ ማስተማር አያስችልም።

ሆኖም ይህን የምለው ዘርፉን ከሳይንስነት ለማስወጣት አይደለም። ስሕተቱን ያጋለጠው ያው ዘርፍ በያዘው ዘዴ ነው፤ የተገኘውም ሁሉ አልወደቀም። ካነማንና ትቨርስኪ በ1979 ሰዎች ትርፍንና ኪሳራን እንዴት እንደሚመዝኑ ያቀረቡት ንድፈ ሐሳብ በ2020 በ19 አገሮችና በ13 ቋንቋዎች ከ4,000 በሚበልጡ ሰዎች ላይ ተፈትኖ በአብዛኛው ጸንቷል። ለብዙ ሕዝብ የሚሠራውና ለጥቂቶች ብቻ የሚሠራው ግኝት የሚለየው እንዲህ ወደ ሌሎች አገሮች ወጥቶ በመፈተን እንጂ በመገመት አይደለም።

የፊዚክስ መምህሩ

ሁላችሁንም በአክብሮት አነበብኳችሁ። ክርክሩ ከጠበቅሁት በላይ ጥልቅ ሆኗል፤ እኔም አሁን ጥያቄዬን ላጥብበው እችላለሁ። ሥነ ልቦና በጅምላ ሳይንስ ነው ወይስ አይደለም የሚለውን እዚህ ላይ ትቼ፣ በማኅበራዊውና በስብእናው ክፍል ያለው የመፈተኛ ዘዴ ንድፈ ሐሳቦችን በእርግጥ ይፈትናል ወይ እላለሁ።

ይህን ያነሣው ከዘርፉ ውስጥ የነበረው ፖል ሚል ነው፤ በ1967። ሐሳቡን በራሴ አገላለጽ ልድገመው። በፊዚክስ ንድፈ ሐሳብ አንድ የተወሰነ ቁጥር ይተነብያል፤ መሣሪያችን እየጠራ ሲሄድ ልኬቱ ከዚያ ቁጥር ጋር የመግጠሙ ዕድል እየጠበበ ስለሚመጣ ንድፈ ሐሳቡ የሚያልፍበት በር እየጠበበ ይሄዳል። በሥነ ልቦና ግን የተለመደው ትንበያ «ይህ ቡድን ከዚያ ቡድን ይለያል» የሚል ብቻ ነው። ሁለት የሰዎች ቡድኖች በየትኛውም መለኪያ ፍጹም እኩል የመሆናቸው ነገር እጅግ አነስተኛ ስለሆነ፣ ናሙናው በተለቀ ቁጥር አንድ ዓይነት ልዩነት መገኘቱ አይቀርም፤ አቅጣጫውም በአጋጣሚ ግማሽ ጊዜ ንድፈ ሐሳቡን ይደግፋል። ስለዚህ ምርምሩ እየተሻሻለ ሲሄድ ደካማ ንድፈ ሐሳብ የማለፍ ዕድሉ ይጨምራል። ይህ የተገለበጠ ነገር ነው። ፖፐር ስለ አድለር ያለው፣ በስታትስቲክስ ልብስ ተመልሶ መጣ እንጂ አልጠፋም።

መቅረዝ ለዚህ መልስ ካለዎት መስማት እሻለሁ።

መቅረዝ

መልሱ በከፊል አለ። ቁጥር የሚተነብዩ ንድፈ ሐሳቦች በዘርፉ ውስጥ አሉ። ፖል ፊትስ በ1954 እጅ ወደ አንድ ዒላማ ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከርቀቱና ከዒላማው ስፋት ጥምርታ ሎጋሪዝም ጋር እንደሚያድግ አሳይቷል፤ የኮምፒውተር ገጾችን የሚነድፉ ባለሙያዎች ዛሬም ይሠሩበታል። በማኅበራዊው ክፍል እንዲህ ያለ ነገር ጥቂት መሆኑ ግን እውነት ነው። የ2015ቱም ድጋሚ ይህንኑ ያሳያል፤ ከኮግኒቲቭ ሳይኮሎጂ (ትውስታን፣ ትኩረትንና አስተሳሰብን ከሚያጠናው ክፍል) ጥናቶች ግማሾቹ ሲደገሙ ከማኅበራዊው ክፍል የተደገመው ሩብ ብቻ ነበር።

የተቀየረው ነገር አሠራሩ ነው። ከ2013 ጀምሮ አንዳንድ ጆርናሎች የጥናቱን ዕቅድ መረጃው ከመሰብሰቡ በፊት እየገመገሙ፣ ውጤቱ ምንም ይሁን ምን ለማተም ቃል ይገባሉ። በ2021 የታተመ ንጽጽር ውጤቱን ለካ፦ በተለመደው መንገድ ከታተሙ ጽሑፎች 96 በመቶው የመጀመሪያው መላ ምታቸው ተደግፎ ሲገኝ፣ በዚህ አሠራር ከታተሙት የተደገፈው 44 በመቶው ብቻ ነው። መምህር፣ ይህን ቁጥር ከሌሎቹ ሁሉ በላይ እንዲያዩት እፈልጋለሁ። ተመራማሪው ከግማሽ በላይ ጊዜ «የጠበቅሁት አልሆነም» ብሎ የሚጽፍበት ሁኔታ ተፈጥሯል፤ ፖፐር የጠየቀውም መላ ምት ሊወድቅ የሚችልበት በር እንዲኖር ነበር።

ይህ የሚዛንን የልኬት ጥያቄ አይመልስም። የፖል ሚልንም ጥያቄ የሚመልሰው እስከ ግማሽ ነው፤ ዕቅድን አስቀድሞ ማስመዝገብ ደካማውን ትንበያ ጠንካራ አያደርገውምና።

አዲስ ተማሪ

ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ኮርሱን የምወስድ የአንደኛ ዓመት ተማሪ ነኝ። በማስታወሻችን ውስጥ ራስን የመግዛት ኃይል በሥራ ብዛት እንደሚያልቅ ተጽፏል። ይህን ለፈተና ከማጥናት ባሻገር ልመነው?

ማርዘነብ

ወንድሜ፣ ሐሳቡ የመጣው ባውማይስተርና ባልደረቦቹ በ1998 ካሳተሙት ሙከራ ነው። በ2016 በ23 ቤተ ሙከራዎች ከ2,000 በላይ ሰዎች ላይ በአንድ ዕቅድ ሲፈተን የተገኘው ውጤት ወደ ዜሮ የቀረበ ነበር። በእርግጠኝነት የሚያዝ ነገር አድርገህ አትውሰደው። በአንጻሩ ሰዎች ቁጥር እንዲገምቱ ሲጠየቁ አስቀድሞ የተነገራቸው ቁጥር ግምታቸውን እንደሚስበው በ2014 በ36 ናሙናዎች ላይ ተደግሞ፣ ከመጀመሪያው ጥናት እንኳን በላቀ መጠን ተገኝቷል። ሁለቱም በአንድ መጽሐፍ፣ በአንድ ዓይነት ቋንቋ ተጽፈው ታገኛቸዋለህ።

ለመምህራኑ ደግሞ ሐሳብ አለኝ። የመመረቂያ ጽሑፍ የሚሠሩ ተማሪዎቻችን በየዓመቱ አዲስ መጠይቅ እያዘጋጁ ከሚበትኑ፣ አንድ የታወቀ ሙከራ መርጠው፣ ዕቅዱን አስቀድመው አስመዝግበው እዚሁ ቢደግሙት ለሁላችንም የሚጠቅም ይመስለኛል። አስቀድሞ የሚነገረው ቁጥር ግምትን የሚስብበት ሙከራ ወረቀትና እስክሪብቶ ብቻ ይበቃዋል። የመስመሮቹም እንደዚሁ፤ በከተማና በገጠር ያሉ ሰዎችን ማነጻጸር ቢቻል ከ1966ቱ ጥናት ጋር የሚነጋገር ውጤት ይገኛል።

የፊዚክስ መምህሩ

እኅቴ፣ የመስመሮቹን ሙከራ በትምህርት ቤታችን ቤተ ሙከራ ለማሠራት ፈቃደኛ ነኝ፤ መስመሮቹን በትክክል መለካቱ ለእኛ አይከብድም። ስንት ሰው ያስፈልጋል?

ሚዛን

የሚጠብቁት ልዩነት መካከለኛ ከሆነ፣ ማለትም የሁለቱ ቡድኖች አማካይ በመደበኛ ልይይት (በአንድ ቡድን ውስጥ ያሉ ሰዎች ከአማካዩ በሚርቁበት የተለመደ መጠን) 0.4 ያህል የሚለያይ ከሆነ፣ ልዩነቱ እያለ ሳያዩት እንዳያመልጥዎ በ80 በመቶ ዕድል ለማረጋገጥ ከከተማ 100፣ ከገጠር 100 ሰው ገደማ ያስፈልግዎታል። ልዩነቱ ከዚያ በግማሽ ካነሰ ቁጥሩ በአራት እጥፍ ያድጋል፤ ስለዚህ የትኛውን ልዩነት ፍለጋ እንደሚወጡ የመጀመሪያውን ሰው ከመጠየቅዎ በፊት ይጻፉት። ከተቻለ «ይለያያሉ» ከማለት ይልቅ የከተማው ሰው መስመሩን በስንት በመቶ አርዝሞ እንደሚያየው ቁጥሩን ይተንብዩ። ዕቅዱ ሲረቀቅ እዚሁ ቢለጥፉት ስሌቱን አብሬ አያለሁ።